ፍሬውን ማን ይለቅመዋል?

በሩሲያ ክላሲክ ድርሰቶች ውስጥ ስላሉት የአትክልት ቦታዎች ለንባብ ቡድናችን እንድናገር ስጠየቅ በአንድ ሳምንት የምጨርሰው መስሎኝ ነበር። «ገነት» የሚል ቃል ያለው ሰው ምን ይቸግረዋል? አትክልት ቦታውም ገነት፣ አዳም የተባረረበትም ገነት። ደብተሬን ከመካከል በመስመር ከፍዬ በአንድ ወገን ዕቃውን፣ በሌላው ፍቺውን ጻፍኩ። በጎንቻሮቭ «ኦብሎሞቭ» ኦልጋ የጣለችው የሊላ አበባ፦ ፍቅር። በቼኾቭ ተውኔት «የቼሪ አትክልት» መጨረሻ ላይ የቼሪ (የትናንሽ ቀይ ፍሬ) ዛፎቹን ሲቆርጥ የሚሰማው መጥረቢያ፦ የመኳንንቱ ዘመን ማብቂያ።

አቀረብኩ፤ ተጨበጨበልኝ። በወጣትነታቸው ሶቭየት ኅብረት ሄደው እርሻ የተማሩ አንድ አዛውንት ግን ከኋላ ወንበር እጃቸውን አነሡ። «ልጄ፣ ለመሆኑ ያን ሁሉ ቼሪ ማን ነበር የሚለቅመው?»

ደብተሬ ውስጥ መልስ አልነበረም።

ቤቴ ገብቼ እንደ አዲስ ጀመርኩ። በዚህኛው ዙር የጌቶቹን ጨዋታ እየዘለልኩ ቅርጫት የያዙ እጆችን ብቻ ፈለግሁ። ቼኾቭ ጋ ሲደረስ የ87 ዓመቱ አሽከር ፊርስ አለ። ከአርባ ከሃምሳ ዓመት በፊት ቼሪው ይደርቅ፣ በጋሪ እየተጫነም ወደ ሞስኮና ወደ ካርኮቭ ይላክ እንደነበር ያወራል። ዛሬስ አሠራሩ የት አለ? ሲሉት ተረስቷል፣ የሚያስታውሰው የለም ይላል። ተውኔቱ መድረክ ላይ የወጣው በ1904 ነው፤ የሩሲያ ገባሮች ነፃ የወጡት ደግሞ በ1861 (ሁለቱም በአውሮፓውያን አቆጣጠር)። ከ1904 ላይ አርባ ሃምሳ ዓመቱን ቀንሼ ሳየው፣ ፊርስ የሚናፍቀው ሙያ የገባሮቹ እጅ ሙያ ነበር። ርስቱን በሐራጅ የሚገዛው ሎፓኺንም አባቱና አያቱ በዚያው ቤት ገባሮች ነበሩ፤ ወደ ማድ ቤቱ እንኳ አይገቡም ነበር። ከዚያ ወዲህ መጥረቢያውን በሐዘን ብቻ መስማት አቃተኝ።

ጥያቄው ሁሉን በር አይከፍትም። በጎጎል «የሞቱ ነፍሳት» የንፉጉ ፕሉሽኪን አትክልት ማንም የማይደርስበት ዱር ሆኗል፤ በዚያ ሁሉ ፍርስራሽ መካከል ግን ያማረው እሱ ብቻ ነው። እዚያ ቅርጫቴን አስቀምጬ ዝም ብዬ አነበብኩ።

ይበልጥ ያፈርኩት በፑሽኪን «ዩጂን ኦኔጊን» ነው። ታትያና ለኦኔጊን የፍቅር ደብዳቤ ልካለች፤ መምጣቱን ስታውቅ አትክልቱን ሰንጥቃ ትሮጥና ትንፋሿ ተቆራርጦ አግዳሚ ወንበር ላይ ትወድቃለች። በዙሪያዋ ገረዶች እየዘፈኑ እንጆሪ መሰል ፍሬ ይለቅማሉ። ዘፈኑን ለትዕይንቱ ማጣፈጫ አድርጌ አልፌው ነበር። ፑሽኪን ግን በግልጽ ጽፎታል፦ የሚዘፍኑት ታዝዘው ነው፤ የሚዘፍን አፍ የጌታን ፍሬ በስርቆሽ አይበላምና።

ይህን ለአዛውንቱ ሳነብላቸው ሳቁ፤ ከዚያም «ምን እያሉ ነበር የሚዘፍኑት?» አሉኝ። ገጹን ገለጥኩ። አንድ ጎረምሳ ወደ ጭፈራቸው አባብለው ያመጡና በቼሪና በእንጆሪ ይደበድቡታል።