ባቢሌ ሄዳችሁ ቀና ማለት አትርሱ

«ዝሆን አየህ?» ከባቢሌ በተመለስኩ ቁጥር የድሬ ጓደኞቼ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ይህንን ነው። አንዳንዴ አያለሁ። ብዙ ጊዜ ግን የማገኘው እበቱንና ሰባብሮት የሄደውን ቁልቋል ነው። የባቢሌ ዝሆን ቁልቋል ይበላል፣ እሾሁን ከቁብ አይቆጥረውም። የዝሆኖቹ መጠለያ እ.ኤ.አ. በ1970 ሲከለል ስፋቱ ወደ 7,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ነበር። እዚህ ሁሉ ሸለቆ ውስጥ የተበተኑት ዝሆኖች ጥቂት መቶዎች ናቸው፤ ስለዚህ ባታገኟቸው አይግረማችሁ።

እኔን ደጋግሞ የሚወስደኝ ሌላ ነው። ከእርኩም ወገን የሆነች፣ ቀይና ቆልማማ ምንቃር ያላት ትንሽ ወፍ አለች። አቦ፣ የዚችን ወፍ ጉድ ያየ ሰው ዝሆኑ ትዝ አይለውም!

ዝናብ ጥሎ ነፍሳት ሲበዙ ሴቷ ያረጀ ግራር ፈልጋ ፍልፍሉ ውስጥ ትገባለች። ከዚያ መግቢያውን በጭቃ፣ በምግብ ፍርፋሪና በራሷ ኩስ ትደፍነዋለች። የምትተወው ምንቃር የምታስወጣበት ቀጭን ስንጥቅ ብቻ ነው። እባብ አይገባ፣ ጭልፊት አይደርስ። ውስጥ ሆና እንቁላል ትጥላለች፣ የክንፏና የጅራቷ ላባም ይረግፋል። መብረር አትችልም ማለት ነው። ወንዱ አንበጣውንም ጥንዚዛውንም እየለቀመ በስንጥቁ ያቀብላታል። እሱ ከሞተ እሷም ጫጩቶቹም ችግር ላይ ናቸው። ጫጩቶቹ ትንሽ ጠንከር ሲሉና አዲስ ላባ ስታበቅል ሰብራው ትወጣለች። ከዚህ በኋላ ያለው ነው ይበልጥ የሚገርመኝ፤ ጫጩቶቹ ቀዳዳውን ራሳቸው መልሰው ይደፍኑታል! ከዚያ እናትና አባት አንድ ላይ ይመግቧቸዋል።

ይህች ወፍ ግን ዛፍ መፈልፈል አትችልም። አስቀድሞ የተቦረቦረ ዛፍ ማግኘት አለባት። የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። ከባቢሌ ወደ ሐረር ስትመለሱ መንገድ ዳር የተደረደረውን የከሰል ማዳበሪያ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከሰል አክሳዩም ልጆች ያሳድጋል፣ እኛም ቡናችንን የምናፈላው በከሰል ነው፤ በማንም ልፈርድ አልችልም። ግን ችግኝ ተክለን እንኳ ለዚህች ወፍ ቤት የሚሆን ግራር በእኛ ዕድሜ አይደርስም። ቢያንስ የተቦረቦረው ቢተውላት እላለሁ።

መሄድ የምትፈልጉ፣ ሐረር እደሩ። ባቢሌ ከዚያ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጎህ ሲቀድ ውጡ፤ ከሦስት ሰዓት በኋላ ሙቀቱ ወፉንም ሰውንም ጥላ ውስጥ ይከተዋል። ስካውት (የመጠለያውን ጠባቂ) ሳትይዙ እንዳትገቡ፣ ዝሆን ቀልድ አያውቅም። ባይኖኩላር ካላችሁ ያዙ። የተደፈነ ቀዳዳ ካገኛችሁ ደግሞ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ። ወንዱ ሰው ካየ የያዘውን ይዞ ሌላ ዛፍ ላይ ያርፋል፣ እሷም እስክትሄዱ ጦሟን ትጠብቃለች።