የሰጋሯ ጀርባ

ላስታ ውስጥ በቅሎ ሁሉ አንድ አይደለችም። ሰጋሯ የኮርቻ ናት። አካሄዷ ስለማይንጥ ከላሊበላ ተነስቶ ተራራው ላይ ወዳለው አሸተን ማርያም ገዳም የሚወጣ ቱሪስት የሚመርጠው እሷን ነው። ከተማው 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አሸተን ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ። ዳገቱ በእግር ያደክማል። አጋሰሷ ግን የጭነት ናት። እህል፣ ማገዶ፣ የቤት ክዳን ቆርቆሮ ሳይቀር ትሸከማለች።

በ2012 ዓ.ም ኮሮና ሲገባ ቱሪስቱ ቀረ። በ2013 ክረምት ደግሞ ጦርነቱ ላሊበላ ደረሰ። ሰጋሮቹም ጆንያ ተጫኑ። ምን ይደረግ፣ ቤተሰብ መብላት አለበት።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ከዚያ በኋላ አንድ አባት ሰጋር በቅሏቸውን እየሳቡ መጡ። ጀርባዋ ክፉኛ ተገጥቧል።

«ዶክተር፣ በቅባት ሻል ይላታል። መልሼ ስጭናት ይላጣል» አሉኝ።

ቁስሉ ልክ አከርካሪዋ ላይ ነው። ጭራዋ ሥርም ገመድ የበላው ቀጭን መስመር አለ። ይሄ በመርፌ የሚድን ነገር አይደለም።

«ጋሼ፣ ጭነቷን ይዘው ይምጡና ቤት እንደሚጭኗት አድርገው እዚህ ይጫኗት» አልኳቸው።

በማግስቱ መጡ። ግቢያችን ውስጥ አንድ እጥፍ ማዳበሪያ ጀርባዋ ላይ ጣል አደረጉ። ሁለት ጆንያ በናይለን ገመድ አሰሩ። ትንሽ እንደተራመደች ጭነቱ ወደ ግራ አዘነበለ። ገመዱም አጥንቷን እየፈገፈገ ተከተለው። እሷ ግን ዝም ብላ ትሄዳለች። «እናቴ ፈረስ ናት» አለች እየተባለ ይተረትባታል እንጂ፣ ሕመም በመደበቅ አባቷን አህያን ናት።

ሁለት ባዶ ማዳበሪያ ውስጥ ጭድ ጠቅጥቀን ጎን ለጎን ሰፋናቸው። አንዱ ከአከርካሪዋ በግራ፣ አንዱ በቀኝ ይተኛል። መሃሉ ክፍት ነው። ክብደቱ ጡንቻዋ ላይ ያርፋል፤ አጥንቷን የሚነካ የለም። ናይለኑን በሰፊ ጠፍር ቀየርነው። የጭራዋን ገመድ በጨርቅ ጠቀለልነው። ጆንያዎቹንም እኩል አደረግን።

ከባዱ ግን እረፍቱ ነበር። ቁስሉ ሳይዘጋ ጭነት የለም ስላቸው ደነገጡ።

«እሷ ቆማ እኛ ምን እንበላለን?»

ልክ ናቸው፣ መልስ አልነበረኝም። ዝም ብለው ቆዩና ራሳቸው ቀጠሉ። «ብትሞትብኝስ? ላም አይደለች፣ በቅሎ አትወልድ። ያን ሁሉ ብር ከየት አመጣለሁ?» ከወንድማቸው አህያ ተዋሱ።

ቁስሉ ዳነ። ቦታው ላይ ነጭ ፀጉር በቅሏል። አሁንም ጆንያ ትሸከማለች፤ ጀርባዋ ግን ደህና ነው።

ዛሬ ጀርባው የቆሰለ የጭነት ከብት ሲመጣ ጭነቱንም አምጡ እላለሁ። ከሩቅ የመጡት ይቆጣሉ። ቁስሉን አጥቤ መድኃኒቱን ያን ዕለት እሰጣቸዋለሁ፣ ጭነቱን ሳላይ ግን ጨርሰናል አልልም።