ሽንት ቤት ከሥሩ ሲያፈስ ሲሚንቶ አታስቀድሙ

ሽንት ቤታችን ከሥሩ ማፍሰስ ሲጀምር የመጣው የቧንቧ ባለሙያ በሩ ላይ ቆሞ አየት አደረገና፣ «አቦ ይሄ ቀላል ነው፤ ዙሪያውን በነጭ ሲሚንቶ እንድፈነው» አለኝ። አመስግኜ መለስኩት። ሲሚንቶ የሚደፍነው ውሃው የሚወጣበትን እንጂ የሚፈስበትን አይደለም። ውሃው ከሴራሚኩ ሥር እየተጠራቀመ ይቀራል፣ ሽታውም አይለቅም። ቤቱ ፎቅ ላይ ከሆነ ደግሞ አንድ ቀን የታች ቤት ጣሪያ ላይ ይወጣል። የሚያፈሰው ንጹሕ ውሃ አይደለም፤ ወለሉን ደግሞ ልጆች በባዶ እግራቸው ይረግጡታል። ስለዚህ ራሴ አንስቼ ላየው ወሰንኩ።

ከማንሳት በፊት ግን ውሃው ከየት እንደሚመጣ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ከፍሌክሲብሉ (ውሃ ወደ ሣጥኑ ከሚያስገባው ተጣጣፊ ቱቦ) ወይም ከላይኛው የውሃ ሣጥን ብሎኖች ጠብ የሚል ውሃ በመቀመጫው ጀርባ ወርዶ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ ላየው ሰው ከሥር የመጣ ይመስላል። ወለሉን በጨርቅ አደረቅኩ። ፍሌክሲብሉን፣ ዳዶዎቹን፣ የሣጥኑን ሥር አንድ በአንድ በሶፍት ነካሁ። ሁሉም ደረቅ ነው።

እኛ ሰፈር፣ ድሬዳዋ ሳቢያን፣ ውሃ በሚጠፋ ጊዜ ሽንት ቤት ውስጥ በባልዲ ነው የምንጠቀመው። ይኼ ልማድ እዚህ ላይ ጠቀመኝ። ቀይ ሥር ቀቅዬ ውሃውን ባልዲ ውስጥ ጨመርኩ። ከዚያ ሣጥኑን ሳልነካ በቀጥታ መቀመጫው ውስጥ ደፋሁት። ትንሽ ቆይቶ በግራ ጎን በኩል ሮዝ ውሃ ከሥር ብቅ አለና በሴራሚኩ መጋጠሚያ ላይ እየተሳበ ሄደ። ከላይ የመጣ ቢሆን ኖሮ ቀለም አይኖረውም ነበር። ላይኛው ሁሉ ደረቅ ሆኖ፣ ማንም ሳይጠቀምበት ሌት ተቀን የሚያፈስ ከሆነ ግን ሸክላውን ራሱን ጠርጥሩ። የተሰነጠቀ መቀመጫ ይቀየራል እንጂ አይጠገንም።

መቀመጫውን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ጎን ስገፋው ይነቃነቃል። ብሎኖቹን ልፈታ ስል ግን እምቢ አሉ። የድሬ ውሃ ኖራው ብዙ ነው፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር የብሎኖቹን ራስ ሸፍኖታል። ጨርቅ በአቼቶ ነክሬ ጠምጥሜባቸው አሳደርኩ። ጠዋት ኖራው በምላጭ ተላጠ፤ ብሎኖቹም ዞሩ። እዚህ ላይ አደራ የምለው አለ። አቼቶም ሆነ የሽንት ቤት አሲድ ከበረኪና ጋር እንዳይገናኝ። ሲቀላቀሉ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው፤ በተለይ መስኮት በሌለው ጠባብ ክፍል ውስጥ።

ውሃውን ዘጋሁ፣ ሣጥኑን አፈሰስኩ፣ የቀረውን በስፖንጅ መጠጥኩ። መቀመጫ ከነሣጥኑ ለአንድ ሰው ይከብዳል። ከጎረቤት ልጅ ጋር ቀጥ አድርገን አነሳነውና ካርቶን ላይ አጋደምነው። የቱቦውን አፍ ወዲያው በጨርቅ ወተፍኩ፤ በረሮውም ሽታውም በዚያ በኩል ይወጣል። ጨርቁ ወደ ውስጥ እንዳይገባ በሲባጎ አስሬ ጫፉን ውጭ ተውኩት።

በመቀመጫውና በቱቦው መካከል ውሃ እንዳያመልጥ የሚገባውን አሮጌውን ጎማ በእጄ ይዤ ሳየው ነገሩ ሁሉ ገባኝ። አልተቀደደም። አንዱ ጎኑ ተጨፍልቆ ያብለጨልጫል። በሌላው ጎን ግን የፋብሪካው ዱቄት ገና አለበት፤ ቱቦውን አንድ ቀን እንኳ ነክቶ አያውቅም ማለት ነው። ምክንያቱ ወለሉ ነው። ከእኛ በፊት የነበሩት በአሮጌው ሴራሚክ ላይ አዲስ አስነጥፈዋል። ወለሉ ከፍ ሲል የ110 ሚሊሜትሩ ፒቪሲ ቱቦ ባለበት ቀርቷል። አፉ ከወለሉ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሏል። ጎማው በአንድ በኩል ብቻ ደርሶ፣ መቀመጫው በተነቃነቀ ቁጥር ያም ይለቅ ነበር። ዙሪያውን በሲሚንቶ ብናስደፍነው ኖሮ ይኼን ማን ያየዋል?

አሮጌውን ጎማ ይዤ በባጃጅ ወደ መሀል ከተማ ወረድኩ። ጎማውን ይዛችሁ ሂዱ፤ መጠኑን በቃል ከማስረዳት ባለሱቁ አጠገብ ለአጠገብ ቢያስተያየው ይሻላል። በጠዋት ሂዱ ደግሞ፤ በቀትር ሙቀት ሱቅ ይዘጋል፣ መቀመጫውም ተነቅሎ ይውላል። አዲስ ጎማ፣ አጭር የ110 መቀጠያ፣ የፒቪሲ ማጣበቂያ፣ ፊሸር (ብሎኑ ወለሉ ውስጥ የሚይዝበት ፕላስቲክ) እና የማይዝግ ብሎን ገዛሁ። መቀጠያውን አጣብቄ አፉን ከሴራሚኩ ጋር እኩል ቆረጥኩት።

ስንመልሰው ሳናሽከረክር ቀጥ አድርገን አወረድነው። ጎማው ላይ ከተቀመጠ በኋላ ቢዞር ጎማው ይታጠፋል። ውሃ ልክ አስቀምጬ ባዘነበለበት በኩል ቀጭን የፕላስቲክ ሽብልቅ አስገባሁ። ብሎኖቹን አንዱን ትንሽ፣ ሌላውን ትንሽ እያልኩ አጠበቅኩ። መነቃነቁን ሲያቆም እጃችሁን አንሱ፤ ከዚያ በላይ ያለው ኃይል ሸክላውን ይሰነጥቃል።

ሲሊኮን ከመቀባቴ በፊት የቀይ ሥሩን ውሃ ደግሜ ደፋሁ። ዙሪያውን ያነጠፍኩት ሶፍት ነጭ እንደሆነ ቀረ። ሲሊኮኑን ስቀባ ከኋላ በኩል ሁለት ጣት የሚያህል ክፍት ተውኩ። አንድ ቀን ጎማው ቢለቅ ውሃው በዚያ ወጥቶ ይናገራል። የድሬ ሙቀት ሲሊኮን ቶሎ ያደርቃል ብላችሁ አትቸኩሉ። ሲሊኮን የሚጠነክረው ከአየር በሚወስደው እርጥበት ነው፤ ደረቅ አየር ያዘገየዋል። እስከ ማግሥቱ አትንኩት።

ሴራሚክ በሴራሚክ ላይ ልታስነጥፉ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ዋጋ ስትነጋገሩ ቱቦውን ማስረዘምንም አብራችሁ አንሱ። የአንጣፊው ሥራ ወለሉ ነው፤ ካልተነገረው ቱቦውን አይነካውም። መቀመጫው ተመልሶ ሳይታሰር የቱቦው አፍ ከአዲሱ ወለል ጋር እኩል መሆኑን በእጃችሁ ዳስሳችሁ አረጋግጡ።