ወሬያቸው አታለለኝ

የምሠራው አዲስ አበባ ምሥራቅ ጫፍ፣ ኮንዶሚኒየሙ አልቆ እርሻው በሚጀምርበት አካባቢ ባለ ጤና ጣቢያ ነው። ነርስ ነኝ። አብዛኛውን ጊዜ የደም ግፊትና የስኳር ክትትል ክፍል ነኝ።

ግንቦት ላይ አንዲት ሴት አባቷን ይዛ መጣች። ሰባዎቹን አጋምሰዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሽሮ ሜዳ ሸማ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ልጃቸው ኮንዶሚኒየም ሲደርሳት አብረዋት ወደዚህ መጡ። ግፊታቸውን ለክቼ ስጨርስ ልጅቷ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ሲስተር፣ አባባ መንገድ እየጠፋቸው ነው። ዕቃም የት እንዳስቀመጡ አያውቁም።»

«አባባ፣ እውነት ነው?» አልኳቸው። ሳቁና ወሬ ጀመሩ። በደርግ ጊዜ አንድ ኩታ ስንት ይሸጥ እንደነበር፣ ገና በልጅነታቸው መወርወሪያ ያስያዛቸው አጎታቸው፣ ድር ተበድሮ ሳይከፍል የሞተ ጎረቤት። ስም ከነአባቱ፣ ቀን ከነበዓሉ። አፌን ከፍቼ ነበር የማዳምጣቸው። ውጪ ደግሞ ሰልፉ ረጅም ነው። ለልጅቷ «ከእኔም ከአንቺም ይሻላሉ። እርጅና ነው፣ አትጨነቂ» አልኳት። ካርዳቸው ላይ ስለ መርሳት አንድ ቃል አልጻፍኩም።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ምሽት ተረኛ ነበርኩ። ዝናቡ ያወርደዋል። ቅንድባቸው የተተረተረ ሽማግሌ ደግፈው አመጡ። ጋቢያቸው ደምና ጭቃ ሆኗል። እሳቸው ነበሩ። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የማያውቁት ብሎክ ገብተው፣ ሦስተኛ ፎቅ ወጥተው፣ በገዛ ቁልፋቸው የሰው በር ሲታገሉ ከውስጥ «ሌባ!» ተባለ። ደንግጠው ሲመለሱ ደረጃው ላይ ወደቁ።

ቁስሉን ሳጸዳ እጄን ያዝ አደረጉኝ። «ልጄ፣ በሩ የኔው ነው። ቀለሙን አየሁት እኮ።»

እዚያ ሰፈር በሩ ሁሉ አንድ ቀለም ነው።

በማግሥቱ ለሐኪማችን ሁሉንም ነገርኩት። አልተቆጣኝም። «ምን ጠየቅሻቸው?» አለኝ። «አወራኋቸው» አልኩት። «ያወሩሽ የድሮውን ነው» አለ። «አዲስ ነገርን መዝግቦ ለማቆየት ሂፖካምፐስ የሚባለው የአንጎል ክፍል ግድ ነው። አልዛይመር የሚባለው የመርሳት በሽታ ሲጀምር ቀድመው ከሚጎዱት አንዱ እሱ ነው። በልጅነት የታተመው ግን ብዙ ጊዜ ይቆያል። ስለዚህ ሰውዬው የሽሮ ሜዳን ጓዳ ጎድጓዳ እየተረኩልሽ፣ ትናንት ያዩትን ደረጃ ላያውቁት ይችላሉ።» አንደበት ደህና ሆኖ የዓይን ትውስታ ብቻውን ሊደክም እንደሚችል ያኔ ነው የገባኝ።

ከዚያ ልጅቷን ጥለትና ክር ይዛ እንድትመጣ አደረገ። ሞካ የሚባል ባለ 30 ነጥብ የማስታወስና የማሰብ ችሎታ መመዘኛ አለ፤ ሰዓትና ኩብ ያስላል። «እርሳስ ጨብጦ የማያውቅ ሰው ኩብ መሳል ቢያቅተው ስለ ትውስታው ምን ይነግረኛል?» አለ ሐኪሙ።

አንዱን ጥለት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። «ይህንን እያዩ ክሮቹን በተራ ይደርድሩልኝ።» ጣታቸው ፈጠነ። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ጥቁር፣ ደግሞ ቢጫ። አንድም ስህተት የለም። ጥለቱንም ክሩንም አነሳና ግማሽ ሰዓት ያህል ስለ ሌላ ነገር አወራቸው። ከዚያ ክሮቹን ብቻ መለሰላቸው። «እስቲ ያንኑ ይድገሙልኝ።»

ቀዩን አነሱ። አስቀመጡት። መልሰው አነሱት። ጠረጴዛውን ዳበሱ። «የቱን?» አሉ።

እኚህ ሰው በሠርግ ላይ አንዴ ያዩትን የቀሚስ ጥለት ቤታቸው ገብተው ይሠሩት ነበር። ልጅቷ ተነስታ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ስታለቅስ ይሰማኝ ነበር።

ሐሳቡ የሐኪማችን ፈጠራ አይደለም። አንድሬ ሬይ የተባለ የስዊዘርላንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1941 ለታካሚዎች ውስብስብ ሥዕል ሰጥቶ መጀመሪያ እያዩ፣ በኋላ ደግሞ ሳያዩ ያስቀዳቸው ነበር። እያየ በትክክል የቀዳ ሰው ዓይኑና እጁ ደህና ናቸው ማለት ነው። ሳያይ ሲሆን ከጠፋበት ግን ችግሩ ማቆየቱ ላይ ነው።

በዚህ ብቻ በሽታ አይባልም። ሪፈር ጻፍንላቸው። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ችግር፣ ድባቴ፣ አንዳንድ የእንቅልፍና የአለርጂ መድኃኒቶች ሁሉ ያስረሳሉ፤ እነዚህ ደግሞ መፍትሔ አላቸው። የዓይን ሞራም መታየት አለበት። ሁሉም ታይቶ ሆስፒታሉ «ኤምሲአይ ነው» አለ፤ መለስተኛ የማስታወስ መዳከም ማለት ነው። ማስታወስ ከዕድሜ በላይ ደክሟል፣ ግን ሰውዬው ራሳቸውን ችለው ይለብሳሉ፣ ይበላሉ፣ ገንዘባቸውን ይቆጥራሉ። ወደ ከባዱ የመርሳት በሽታ የሚሄድ አለ፣ ባለበት የሚቆይ አለ፣ የሚሻለውም አለ። ለልጅቷ ይህን ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ነገርኳት፤ መጀመሪያ የነገርኳት ውሸት ስለነበር። ግፊታቸውን እንድትቆጣጠር፣ ከሰው እንዳይለዩ፣ በየቀኑ አብራቸው በእግር እንድትሄድም መከርኳት።

አሁን ከግፊት መለኪያዬ አጠገብ ማንኪያ፣ ማበጠሪያና ሻማ አለ። አረጋዊ ሲመጣልኝ እያዩኝ ሦስት ቦታ አስቀምጣቸዋለሁ፤ ሊሄዱ ሲሉ የት እንዳሉ እጠይቃለሁ። ምርመራ አይደለም፤ ማንን ለሐኪም እንደማሳይ ግን ይጠቁመኛል። ካመጣቸው ልጅ ጋርም ለብቻ አወራለሁ።

ልጅቷ ደግሞ የራሷን ዘዴ አገኘች። አባቷ ከዓመታት በፊት የሠሩትን ቀይና አረንጓዴ ጥለት ቆርጣ የብሎኩ መግቢያ ላይና የበራቸው እጀታ ላይ አሰረች። የገዛ እጃቸውን ሥራ አይስቱትም። ጥቅምት ላይ ቆሸሸ ብላ ከገበያ በገዛችው አዲስ ሰማያዊ ጥለት ቀየረችው። አባባ ሳያዩት አልፈው አራተኛ ፎቅ ወጡ። ማታውኑ አሮጌውን አጥባ መልሳ አሰረችው።