ባትሪ ከገባለት በኋላ የጠፋው ብሉቱዝ

ኮዬ ፈጬ ለሚኖር ሰው ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ አይነገረውም። ስለዚህ የብሎካችን ትልቁ ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው፦ ሮቶው ውስጥ ስንት ቀርቷል? ጣሪያ ላይ መውጣት የሰለቸው የላይኛው ፎቅ ልጅ፣ የኢንጂነሪንግ ተማሪ ነው፣ አንድ ኢኤስፒ32 ቦርድ (ብሉቱዝ ያለው፣ ፕሮግራም የሚጻፍለት ትንሽ ቦርድ) እና በድምፅ ሞገድ ርቀት የሚለካ አንድ አልትራሳውንድ ሴንሰር ገዝቶ ገላገለን። ስልክህን ታወጣለህ፣ በብሉቱዝ ኮኔክት ታደርጋለህ፣ የውሃውን መጠን ታያለህ፣ በቃ። ጎበዝ ልጅ ነው።

ነገሩ ወራት ሰራ። ከዚያ ኮሚቴው መብራት ሲጠፋም ይስራ ብሎ ባትሪ አስገባለት። ጉድ የመጣው ያኔ ነው። ጠዋት አንድ ሰው ያየዋል፣ ከእሱ በኋላ ግን ስልኩን ይዞ ቢሽከረከር ማንም አያገኘውም። ምድር ቤት ያሉት እትዬ ወዲያው ፈረዱ፦ «ባትሪዋ ናት ያበላሸችው፣ አውጥታችሁ ጣሉልኝ!»

ልጁ ፈተና ላይ ስለነበር እስቲ አንተ እየው ተባልኩ። አየሁት። እትዬም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም፣ ባትሪዋ ስትወጣ በእርግጥ ይሰራል። ምክንያቱ ግን ባትሪዋ አይደለችም፣ እና ይሄን ነገር ብዙ ሰው ላይ ስላየሁት ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

ብሉቱዝ ሎው ኢነርጂ፣ ባጭሩ ቢኤልኢ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ከብሉቱዝ 4.0 ጋር የመጣ ነው። እንዲህ ያለ እቃ ማንም ሳይገናኘው በፊት «እዚህ አለሁ» የሚል አጭር መልእክት በየጊዜው ይለቃል። አድቨርታይዚንግ የሚባለው ይሄ ነው። ካሉት 40 ቻናሎች ሦስቱ፣ 37፣ 38 እና 39፣ ለዚህ ሥራ ተመድበዋል። ስልኩ መልእክቱን ሰምቶ ኮኔክት ሲል ግን ያ መልእክት ይቆማል። የቱሉ ዲምቱን የታክሲ ረዳት አስቡት፦ «ቃሊቲ ቃሊቲ» እያለ ይጮኻል፣ ታክሲው ሲሞላ ዝም ይላል፣ ሰው ሲወርድለት ደግሞ ማንም ሳያዘው ጩኸቱን ይቀጥላል። የቢኤልኢ ቺፕ ግን ተሳፋሪው ከወረደም በኋላ ዝም እንዳለ ነው፣ ጩህ የሚለው ካልመጣ።

ይሄ ብልሽት አይደለም፣ አሰራሩ ነው። ቺፑ «ግንኙነቱ ተቋርጧል» ብሎ ለፕሮግራሙ ይነግራል፣ ቀጥሎ ምን ይደረግ የሚለው የፕሮግራሙ ፋንታ ነው። አንዳንዱ እቃ ሥራውን ጨርሶ መተኛት አለበት፣ አንዳንዱ ቁልፍ ካልተጫኑት መታየት የለበትም። ቺፑ በራሱ ቢወስን ይባስ ነበር።

ታዲያ ያን ሁሉ ወር እንዴት ሰራ? መብራት እየጠፋ ነዋ! መብራት በመጣ ቁጥር ቦርዱ ከዜሮ ይነሳል፣ ኮዱን ከመጀመሪያው መስመር ይጀምራል፣ እዚያ ውስጥ ደግሞ «አድቨርታይዝ ማድረግ ጀምር» የሚል ትእዛዝ አለ። የሰፈራችን መብራት ሳናውቀው ጥገና ሲሰራልን ከርሟል። ባትሪዋ ስትገባ ቦርዱ መጥፋት አቆመ፣ ስለዚህ እንደገና መጀመርም አቆመ።

መድኃኒቱ አጭር ነው። ኮዱ ውስጥ ግንኙነት ሲቋረጥ የሚጠራ ፈንክሽን አለ፣ ኦን ዲስኮኔክት ይባላል። እዚያ ላይ ፍላግ፣ ማለትም «ተቋርጧል» የሚል ምልክት፣ ታደርጋላችሁ፣ ከዚያ እየተደጋገመ የሚሮጠው ዋናው ሉፕ ውስጥ ፍላጉን አይታችሁ ስታርት አድቨርታይዚንግን ትጠራላችሁ። ለምን እዚያው ኦን ዲስኮኔክት ውስጥ አትጠሩትም? ብዙ ጊዜ ይሰራል፣ ግን ያ ፈንክሽን ሲጠራ ከሥር ያለው ሶፍትዌር የድሮውን ግንኙነት ገና ጠራርጎ ላይጨርስ ይችላል። ኢኤስፒ32ን በአርዱዊኖ (ቦርዶችን ፕሮግራም ማድረጊያ ሶፍትዌር) ለሚሰሩ የተዘጋጀው ኖቲፋይ የሚባል የምሳሌ ኮድ ራሱ ሉፑ ውስጥ 500 ሚሊሰከንድ ጠብቆ ነው አድቨርታይዚንጉን የሚያስነሳው። ዜፊር በሚባለው የትንንሽ ቦርዶች ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ የሚሰሩ ሰዎች ደግሞ ይሄን በደንብ ያውቁታል፦ ዲስኮኔክትድ የሚለው ኮልባክ (አንድ ነገር ሲሆን የሚጠራ ፈንክሽን) ውስጥ አድቨርታይዚንግ ልጀምር ሲሉ ቦታ የለም የሚል ስህተት ይመጣባቸዋል፣ ምክንያቱም አሮጌው ግንኙነት የያዘው ቦታ ገና አልተለቀቀም። ለዚሁ ብሎ ሪሳይክልድ የሚባል ሌላ ኮልባክ አለ፣ ቦታው ሲለቀቅ የሚጠራ።

ሰው የሚምታታው ግን ላይብረሪው፣ ማለትም ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁልን ኮድ፣ ሁሉም አንድ ባለመሆኑ ነው። የአዳፍሩት ብሉፍሩት ላይብረሪ «ሲቋረጥ መልሰህ ጀምር» የሚል አንድ መስመር አለው፣ ትሩ ብላችሁ ታልፋላችሁ። የብሉቱዝ ቺፕ አምራቹ ኖርዲክ በድሮው የኤንአርኤፍ5 ኤስዲኬው (ለቺፖቹ ፕሮግራም መጻፊያ ጥቅሉ) ያዘጋጀው የአድቨርታይዚንግ ሞጁል ካልከለከላችሁት በራሱ ይጀምራል። ኒምብል አርዱዊኖ የሚባለው ሌላ ላይብረሪ በስሪት 1 ዘመን በራሱ ይጀምር ነበር፣ በስሪት 2 ግን ካላዘዛችሁት አይጀምርም። እንግዲህ አንድ ሰው ላይብረሪ አፕዴት አድርጎ፣ ኮዱን ሳይነካ፣ እቃው ድንገት ዝም ሲልበት ቦርዱን ቢጠረጥር ይፈረድበታል? አይፈረድበትም።

አሁን ደግሞ ወደሚያስቸግረው ክፍል። የእኛን ኮድ በፍላጉ ካስተካከልን በኋላም ቅሬታ መጣ፣ «አንዳንዴ አይገኝም» የሚል። አንዳንዴ የምትለዋን ቃል እፈራታለሁ።

አንድ ሰው ሮቶው አጠገብ ቆሞ ያያል፣ ስልኩን ኪሱ ይከታል፣ ደረጃውን ይወርዳል። ሁለት ፎቅ ኮንክሪት መሀል ሲገባ ሲግናሉ ይሞታል። ስልኩ «ቻው» ብሎ አልተሰናበተም፣ ስለዚህ ቦርዱ ሰውየው መሄዱን አያውቅም። ሱፐርቪዥን ታይምአውት የሚባለው ጊዜ እስኪያልቅ ይጠብቃል። ይሄ ጊዜ በስታንዳርዱ ከ100 ሚሊሰከንድ እስከ 32 ሰከንድ ሊሆን ይችላል፣ መጀመሪያ የሚወስነው ደግሞ ስልኩ እንጂ ቦርዱ አይደለም። ቦርዱ ይቀየርልኝ ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው የሚችለው። በዚያ መሀል ሌላ ጎረቤት ስልኩን ቢያወጣ ምንም አያይም። ኦን ዲስኮኔክት ራሱ ገና አልተጠራም እኮ!

ስለዚህ የመቋረጡን ምክንያት ኮድ ሁልጊዜ እንዲታይ አድርጉ። በሄክስ (በ16 መሠረት አቆጣጠር) 13 ከሆነ ከወዲያ ያለው ሰው በሥርዓት ዘግቶ ሄዷል ማለት ነው። 08 ከሆነ ጊዜው አልቆ ነው የተቆረጠው። 16 ከሆነ የዘጋው የእናንተው ቦርድ ነው። እኛ ጋ አብዛኛው 08 ነበር፣ ደረጃ የሚወርድ ሰው ሁሉ።

የባሰው ደግሞ የማይቋረጠው ነው። ጣሪያው ሥር ያለው ቤት ውስጥ የሚኖር ጎረቤታችን አፑን ከፍቶ ስልኩን ሶፋ ላይ ይጥላል። ሲግናሉ ስለሚደርሰው ግንኙነቱ ቀኑን ሙሉ አይቆረጥም፣ ብሎኩ በሙሉ «ጠፋ» ይላል። አልጠፋም፣ ተይዟል። ለዚህ ሁለት መላ አለ። አንዱ፣ ለተወሰነ ጊዜ ምንም ያልጠየቀ ስልክን ቦርዱ ራሱ እንዲያሰናብት ማድረግ። ሌላው፣ ሰው ተገናኝቶም እያለ አድቨርታይዚንጉን መልሶ ማስጀመር፣ ኢኤስፒ32 ከአንድ በላይ ስልክ በአንዴ መያዝ ስለሚችል።

ደግሞ ስልኩም ንጹህ አይደለም። አንድሮይድ ከ7 ጀምሮ አንድ አፕ በ30 ሰከንድ ውስጥ ከ5 ጊዜ በላይ ስካን ከጀመረ ዝም ብሎ ውጤት ይከለክለዋል። ተበሳጭቶ ስካን የሚለውን ደጋግሞ የሚጫን ሰው እንግዲህ በራሱ ላይ በሩን ይዘጋል። የኖርዲክን ነጻ አፕ፣ ኤንአርኤፍ ኮኔክትን፣ ሌላ ስልክ ላይ ጫኑና ተረጋግታችሁ እዩ። እዚያ ላይ ከታየ እቃው እየጮኸ ነው፣ ችግሩ ስልካችሁ ጋ ነው።

ባትሪ ላይ ስለሆንን ስለ ፍጥነቱም ትንሽ ልበል። በሁለት መልእክት መሀል ያለው ጊዜ ከ20 ሚሊሰከንድ እስከ 10.24 ሰከንድ ይሆናል፣ በዚያ ላይ እስከ 10 ሚሊሰከንድ የሚደርስ የዘፈቀደ መዘግየት ይጨመርበታል፣ ሁለት እቃዎች ሁልጊዜ እኩል እንዳይጮኹ። አፕል ለእቃ ሰሪዎች የሚመክረው ጥሩ ነው፦ መጀመሪያ ቢያንስ ለ30 ሰከንድ በየ20 ሚሊሰከንዱ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ለምሳሌ በየ1022.5 ሚሊሰከንዱ። ግንኙነት እንደተቋረጠ ፈጠን ማለት ልክ ነው፣ የተቆረጠበት ሰው ወዲያው መመለስ ሊፈልግ ስለሚችል። ሌሊቱን ሙሉ በ20 መሮጥ ግን ባትሪ መጨረስ ነው።

ይሄን ሁሉ ካልኩ በኋላ የራሴን ሐሳብ ልናገር። ለሮቶ መገናኘት ራሱ አያስፈልግም። የአድቨርታይዚንግ መልእክቱ በተለመደው አሰራር 31 ባይት ይይዛል። የመልእክቱ የራሱ ፍላጎች (ከኮዱ ፍላግ ጋር አይገናኙም) 3 ይወስዳሉ፣ አምራቹ የፈለገውን የሚያስገባበት የማኑፋክቸረር ዳታ መግቢያው 4፣ 24 ይተርፋል። የውሃው መጠን በፐርሰንት አንድ ባይት ነው! እዚያው መልእክት ውስጥ ቢገባ ማንም ኮኔክት አያደርግም፣ ማንም አይዝም፣ አስር ሰው በአንዴ ያያል። የጎን ብሎክ ሰዎችም ያያሉ፣ ይዩ፣ የባንክ ሂሳብ አይደለም።

ልጁ ፈተናውን ሲጨርስ ነገርኩት፣ ወዲያው ገባው፣ አንድ ማታ ተቀምጦ ቀየረው። እትዬ ፐርሰንቱን የሚያሳይ ትንሽ አፕ ስልካቸው ላይ ተጭኖላቸዋል፣ ባትሪዋም በቦታዋ ናት። አሁን ኮኔክት የሚደረገው የሮቶው ቁመት ሲስተካከል ብቻ ነው፣ እሱም ሲያልቅ ሉፑ ውስጥ ያለችው ፍላግ አድቨርታይዚንጉን ታስነሳዋለች።