የዬልን «ዓሣ ነባሪ» በፌሮና በክር

አሜሪካ፣ ኒው ሄቨን፣ ዬል ዩኒቨርሲቲ ያለውን የበረዶ ሆኪ አዳራሽ ሰዉ «ዓሣ ነባሪው» ይለዋል። የነደፈው ትውልደ ፊንላንዱ ኤሮ ሳሪነን ነው፤ ግንባታው በፈረንጆቹ 1958 አለቀ። ፎቶውን ያየ ሁሉ ጀርባውን ያደንቃል። ጣሪያው እንዴት እንደቆመ የሚገባው ግን በእጁ ለሠራው ነው።

መሃል ለመሃል 90 ሜትር ገደማ የሚረዝም የአርማታ ቅስት እንደ አከርካሪ ያልፋል። ከእሱ ወደ ግራና ቀኝ ግድግዳዎች የብረት ገመድ ተወጥሯል፤ በገመዱ ላይ ጣውላ ተነጥፏል። መሃል ላይ አንድም ምሰሶ የለም። ግድግዳዎቹ ወደ ውጭ ያበጡት ለውበት ብቻ አይደለም፦ ገመዱ ወደ ውስጥ ሲስባቸው እንደተጋደመ ቅስት ሆነው ይመክታሉ።

ለ1፡100 ሞዴል ባለ 6 ሚሊ ፌሮ 1 ሜትር ከ15 ቁረጡ። «ርዝመቱ 90 ነው» ብሎ 90 ሳንቲም የቆረጠ ሲያጥፈው ያጥረዋል። ከእግር እስከ እግር 70 ሳንቲሙን የሚሸፍን፣ ከፍታው 23 ሳንቲም የሆነ ቅስት አጥፉ፤ የተረፉትን ጫፎች ወደ ላይ ቀልብሱ። ያ ቅልበሳ ከሌለ ዓሣ ነባሪው ቀርቶ የጋሪ ድንኳን ይሆናል። ቅስት ሸክም ሲያርፍበት እግሩን ያንፈራጥጣል፤ ስለዚህ ሁለቱን እግሮች ሞዴሉ በሚቆምበት ኮምፖልሳቶ ሥር በማሰሪያ ሽቦ አገናኙ። በሚስማር ብቻ የተያዘ ከሆነ ክሩ ሲወጠር ቀዳዳው ይሰፋል።

ለገመዱ የሚሆነውን ክር ናይለን አትግዙ። በድሬዳዋ ሙቀት ተወጥሮ ካደረ ይላላል፣ ጠዋት ጣሪያችሁን ተንቀርፍፎ ታገኙታላችሁ። ሰም የተቀባ የጫማ ሰፊ ክር ይሻላል። ከቅስቱ ወደ ግድግዳዎቹ በየ3 ሳንቲሙ እሰሩ፣ ከመሃል ጀምራችሁ ወደ ጫፎቹ፣ አንዱን ከግራ አንዱን ከቀኝ። አብዛኛው ሞዴል የሚበላሸው እዚህ ነው፦ አንዱን ጎን ጨርሶ ወደ ሌላው የሚሄድ ሰው ቅስቱን ራሱ ጎትቶ ያጋድመዋል፣ ከዚያ ጥፋቱን ፌሮው ላይ ያላክካል። ውጥረቱን በጣት እንደ ክራር ምቱት፤ ትይዩዎቹ ግራና ቀኝ ክሮች አንድ ዓይነት ድምፅ ካልሰጡ አንደኛው ላልቷል።

ለጣውላው 1 ሳንቲም ስፋት ያለው የካርቶን ቁራጭ በክሮቹ ላይ አግድም በኮላ ይለጠፋል። ከሰዓት በኋላ ኮላው ሳትለጥፉበት ስለሚደርቅ ጥቂት ጥቂቱን ቀቡ፣ ወይም ማለዳ ሥሩ።

በእውነተኛው አዳራሽ የበረዶው ጉዳይ ሌላ ነው። ከሥር ቱቦ ውስጥ የሚዞር ቀዝቃዛ ፈሳሽ ሜዳውን ያቀዘቅዛል፤ እርጥብ አየር ከገባ ኮርኒሱ እንደ ቀዝቃዛ የለስላሳ ጠርሙስ ያልበዋል፣ ጠብታው በረዶው ላይ ወርዶ ይጓጉላል።

በመጨረሻ ሞዴሉን ቬንትሌተር ፊት አስቀምጡት። ክር መሳብ እንጂ መግፋት አያውቅም፤ ቀላሉ ካርቶን ከታች ነፋስ ሲገባበት ይነሳል፣ ይርገበገባል፣ ቅስቱም ይወዛወዛል። የዬሉን ጣሪያ ጣውላው በክብደቱ ይጫነዋል፤ ቅስቱን ደግሞ በግራና በቀኝ ከውጭ የሚታዩት ገመዶች ይይዙታል። እናንተም ሦስት ሦስት ክር ከቅስቱ አናት ወደ ግድግዳው ጨምሩና ቬንትሌተሩን 3 ላይ አድርጉት።