የሐዋሳ ነፋስና የእኔ 40 ሜትር አቡጀዲ

ሰላም ጓዶች! ባለፈው “ሐይቁ ዳር ዛፍ ለዛፍ ጨርቅ ልሰቅል ነው” ብዬ ስፎክር የነበርኩት እኔ ነኝ። ሁለቴ ከሽፎብኝ በሦስተኛው ተሳካ። ተሳካ ስል ከቅዳሜ ጠዋት እስከ እሑድ ማታ ድረስ ነው።

ይሄን አባዜ ያመጣብኝ ክሪስቶና ዣን ክሎድ የሚባሉ ባልና ሚስት ኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ የሠሩት የጥበብ ሥራ ፎቶ ነው። በፈረንጆቹ 2005 የካቲት ላይ፣ 37 ኪሎ ሜትር በሚሆን የእግር መንገድ 7,503 በሮች አቆሙ። ከእያንዳንዱ በር ብርቱካናማ ጨርቅ ተንጠለጠለ። 16 ቀን ቆየና ተነሣ፣ አለቀ። ሐሳቡ የተጠነሰሰው በ1979 ነው፤ ፈቃዱ የተገኘው በ2003። የእኔ ፈቃድ እንኳ ሳምንት አልፈጀም። የመናፈሻው ሰዎች የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዛፍ ላይ ሚስማር እንዳትመቺ።

መጀመሪያ 40 ሜትር አቡጀዲ ገዝቼ ቢጫ ነከርኩት። ስምንት ቦታ ቆረጥኩትና እያንዳንዱን በአራት ጥጉ ወጥሬ አሰርኩ። ጠዋት ቅጠል አይነቃነቅም ነበር። ስምንት ሰዓት ሲሆን ነፋሱ ከሐይቁ ተነሣ። ጥግ ጥጉ ቀድሞ ተተረተረ። አንድ ጀልባ ቀዛፊ ቆሞ ሲያየኝ ቆይቶ፣ “እህቴ፣ ይሄ እኮ ሸራ ነው። ጀልባ ብታስሪበት ይሄድልሻል” አለኝ። ያሉት ሁሉ ሳቁብኝ። ግን ልክ ነው። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጨርቁን የሚገፋው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። እነዚያው ባልና ሚስት ኮሎራዶ ውስጥ ሸለቆ ላይ የዘረጉት መጋረጃ በ1971 ተቀዷል፤ በ1972 በድጋሚ ሰቅለውት ከ28 ሰዓት በኋላ በነፋስ ምክንያት ማውረድ ጀምረዋል። ይሄን ሳነብ ትንሽ ተጽናናሁ።

በሁለተኛው ሙከራ ጠርዙን አጥፌ ደጋግሜ ቀመቀምኩት፤ ጥጎቹ ላይ የአሮጌ ጂንስ ቁራጭ ደረብኩ። ነፋሱን ቻለ። ማታ ግን ዘነበ። አቡጀዲ ውሃ ሲጠጣ እንዴት እንደሚከብድ የሚያውቅ ያውቃል። ቀለሙም ለቀቀ፣ ከሥሩ ያለው ነጭ አግዳሚ ወንበር ቢጫ ሆነ። ግማሽ ቀን ሳሽ ዋልኩ።

ከዚያ የሴንትራል ፓርኩን ፎቶዎች እንደገና አየኋቸው። ጨርቁ የተያዘው ከላይ ብቻ ነው! ታችኛው ጫፍ ነፃ ሆኖ፣ ከመሬት ሁለት ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ይሄን ሁሉ ጊዜ ዐይኔ የት ነበር?

አቡጀዲውን ተውኩና ቀለል ያለ የፖሊስተር ገበር ገዛሁ። ቶሎ ይደርቃል። ስፌት ላይ ግን ያንሸራትታል፣ መኪናው ይበላዋል። ጎረቤቴ ያሉት ልብስ ሰፊ “ልጄ፣ ከሥሩ ስስ ወረቀት አድርጊና አብረሽ ስፊው፤ ኋላ ቅደጅው” አሉኝ። እውነትም መስመሩ ቀጥ አለልኝ። ከላይ እንደ መጋረጃ ገመድ ማስገቢያ ሰፋሁለት። ገመዱ ዛፉን እንዳይልጠው አሮጌ ብርድ ልብስ ጠመጠምኩበት። በየጨርቁ መሃል ክንድ የሚያህል ክፍተት ተውኩ።

ነፋሱ በሰዓቱ መጣ። ስምንቱም አንድ ላይ ብድግ አሉና ቀስ ብለው ወረዱ። ልጆች ከሥር መሮጥ ጀመሩ፤ ለፎቶ የመጡ ሙሽሮችም ከነሚዜዎቻቸው ተጨመሩ። አንድ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ገመዱ ላይ ሊያርፍ ሞክሮ ተንገዳገደና ሄደ። እሑድ ስናወርድ አንዷ ጦጣ አንዱን ጨርቅ ነጥቃ ወጣች። ሰባቱን አጥፌ ቤት ገባሁ። ስምንተኛውን ሰኞ ጠዋት ጥበቃው ከአጥሩ ሥር አገኘው፤ ግማሹ የለም።